ሊቀ አጣሪ ፓክ ራሲቶና የአበባው ድል

በዚህ አገር ከእሳተ ገሞራና ከዝናብ ቀጥሎ የማይጠፋ ነገር ቢኖር፣ በየጋዜጣው ቢሮ ጥግ ተቀምጦ «ማን አለ?» የሚል አንድ ሽማግሌ ነው። ጃካርታም ሂዱ፣ ማካሳርም ሂዱ፣ ታገኙታላችሁ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ አይጠጣውም፣ አያስነሳውምም። ዓለም እየተቃጠለች ነው ብትሉት ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። «ጭሱን በዓይኑ ያየው ማነው?» ይላችኋል።

ለኛ ከተማ የደረሱን ፓክ ራሲቶ ናቸው፤ ፓክ እኛ ዘንድ አባት ማለት ነው። ሙሉ ማዕረጋቸው ሊቀ አጣሪ፣ አባ ጥርጥር፣ የሰራዩ ወንዝ የወዲህና የወዲያ ዳር ባላደራ፣ ክቡር ፓክ ራሲቶ ነው። ማዕረጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

«ማን ሰጠኝ?» አሉ።

«እኔ ነኛ!»

«ሁለተኛ ምንጭ አለሽ?»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት ቤቴ «ኬንቶንጋን» ከሚባለው የከተማችን ጋዜጣ ጋር ጓሮ ይጋራል። ጋዜጣው ስሙን የወረሰው መንደር ውስጥ ሌባ ሲገባ ከሚደበደበው የቀርከሃ መጥሪያ ነው። ሃምሳ ዓመት ከሞላኝ ወዲህ፣ አላህ ይመስገን፣ በድረ ገጹ ላይ እሁድ እሁድ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ስለ ድመቴ ነበር። እንደሰጠኋቸው ፓክ ራሲቶ በጓሮ በር ብቅ አሉ። ምን ልርዳዎት ብላቸው፣ «ድመቷን ለማየት ነው የመጣሁት» አሉ። አዩዋት። ጭራዋ ጽሑፉ ላይ እንዳልኩት ቆልማማ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ነው ጽሑፌ የወጣው።

ኬንቶንጋን ወረቀት ላይ መታተም ካቆመ ቆየ። የማተሚያ ማሽኑ አዳራሽ ዛሬ የባድሜንተን ሜዳ ነው። ጋዜጣው በሙሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ሁሉም ሰው ተከትሎት ገብቷል፤ ፓክ ራሲቶ ግን ግማሽ አካላቸው ውጭ ቀርቷል። ዋትሳፕ ላይ የሚላክላቸውን ዜና በወረቀት ያትሙታል፣ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙታል፣ ያረሙትን በስልካቸው ፎቶ ያነሱታል፣ ፎቶውን ለላኪው መልሰው ይልኩታል። ላኪው የሚቀመጠው አጠገባቸው ነው።

የድረ ገጹ አለቃ ምባክ፣ እህት እንደማለት ነው፣ ምባክ ኒንግሩም ናት። ዕድሜዋ የፓክ ራሲቶ ልጅ ቢያደርጋትም አለቃቸው ናት፤ ሁለቱም ይህንን ሲያስታውሱ ያፍራሉ። እሷ ጣቷ ፈጣን ነው። አንድ ሚኒስትር መጥቶ አንድ ንግግር ካደረገ ሰባት ዜና ታወጣበታለች፤ ሚኒስትሩ ስለ ሩዝ ያሉት፣ ስለ መንገድ ያሉት፣ ሲስቁ ያሉት፣ ሳይስቁ ያሉት። አንባቢውም መጨረሻውን ለማወቅ «ቀጣይ ገጽ» የሚለውን ሲጫን ይውላል።

«አንቺ ልጅ፣» ይሏታል ፓክ ራሲቶ፣ «ሰውየው ሰባት ጊዜ ነው እንዴ የመጡት?»

«ፓክ፣ የጎረቤት ድረ ገጾች አሥር አውጥተውባቸዋል እኮ!»

«እንግዲያው እዚያ አሥር ጊዜ ሄደዋል ማለት ነው። ምንኛ ደክሟቸዋል!»

ፖለቲካ ላይማ አይነሳ። የመንገዶች ቢሮ ድልድዩ ተጠናቋል የሚል መግለጫ በትኖ፣ የከተማው ድረ ገጽ ሁሉ ነጥብ እንኳ ሳይቀይር እንዳለ አወጣው፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ ነው ነገሩ። ፓክ ራሲቶ ያቺን ከሳቸው ጋር ያረጀች ሞተራቸውን አስነስተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ተመለሱ። ዜናቸው አንድ አረፍተ ነገር ነበር፦ ድልድዩ ተጠናቋል፣ ከወዲያኛው ዳር ግን አልተገናኘም።

ዜናው የወጣው ከሌሎቹ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። የሌላ ድረ ገጽ ልጆች በመንገድ ሲያገኟቸው «ፓክ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ብለው ሲስቁባቸው፣ እሳቸው ቆብ አንስተው «ጅቡ ወዴት እንደሄደ ካያችሁ ንገሩኝ» ብለው አለፉ።

አንድ ጊዜ ደግሞ የሰፈራችን ዋትሳፕ ላይ የቀድሞው የሰፈር ሹም አረፉ ተባለ። ሁላችንም «ኢናሊላሂ» እያልን አንዱ የጻፈውን አንዱ እየገለበጠ ስናዝን ዋልን። እኔማ የሚያለቅስ ፊት ሁሉ ጨምሬበታለሁ። ፓክ ራሲቶ ብቻ አንድ ቃል አልጻፉም፤ ሰው ሁሉ «ልበ ድንጋይ ናቸው» አለ። ኋላ ሲታይ እቤታቸው ሄደው ኖሯል። ሟች ደጃፋቸው ተቀምጠው ትኩስ መንዶአን ከነቃሪያው እየበሉ ነበር። መንዶአን እንግዲህ በስሱ ተቆርጦ በሊጥ የሚጠበስ የአኩሪ አተር ጥፍጥፋችን ነው፤ ለሐዘን ቤት የሚቀርብ አይደለም።

«ሞተዋል ይባላል፤ አስተያየትዎ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«ማን ይላል?» አሉ ሟች።

ፓክ ራሲቶ ያን ዕለት በደስታ ሲያበሩ ነበር። «በዚህ ከተማ የሚጠይቅ ሌላ ሰው አገኘሁ» አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኅዳር ላይ የአውራጃችን አስተዳዳሪ ምርጫ ነበር። አንድ ቁጥር ሃጂ ሙፊድ፣ ሁለት ቁጥር ኢንጂነር ሱታርጆ። ሁለቱም ሸሚዝ እኔ ዘንድ አሰፍተዋል፤ ስለዚህ የኔ ወገንተኝነት ክር ላይ ብቻ ነው። የምርጫው ጠዋት መንዶአን ጠብሼ በጓሮ ወደ ቢሮው ስገባ ምባክ ኒንግሩም ፊቷ አመድ መስሏል። ስልኳን ሰጠችኝ። የጋዜጣው ባለቤት ከሰማራንግ ከተማ የላከው መልእክት ነው፦ ዛሬም ውጤቱን ከሁሉ ኋላ ካወጣን ራሲቶ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል።

«ያውቃሉ?» አልኳት ዝቅ ብዬ።

«አነበብኩላቸው። ፊርማ የለውም አሉ።»

ድምፅ መስጠቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ተዘጋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጥቂት ጣቢያዎች ናሙና የሚወስደው ፈጣን ቆጠራ ጀመረ፤ ሁለቱ ተፎካካሪዎች አንገት ለአንገት ተያያዙ። ከዚያ እንደ ልማዱ ዝናቡ ወረደ። አሥር ሰዓት ገደማ የጋዜጠኞቹ ዋትሳፕ ቡድን ውስጥ አንድ ፎቶ ገባ፤ ቢሮው በአንድ እግሩ ቆመ።

ፎቶው ላይ የሃጂ ሙፊድ ደጃፍ ይታያል። ለድግስ በተተከለው ድንኳን ሥር አራት ግዙፍ የአበባ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ከላይ በትልቁ «እንኳን ደስ አለዎ» ይላሉ። ከዚያ በታች ያለው በላስቲክ ተሸፍኗል። እኛ አገር ደግሞ ሹመት የሚታወቀው በመንግሥት ደብዳቤ አይደለም፤ አበባው ማን ደጃፍ ቆመ ተብሎ ነው። ሹሞችና ሥራ ተቋራጮች ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ከሁሉ ቀድመው ያውቃሉ፤ አበባቸውን ያየ ጋዜጠኛ ቁጥር አይጠብቅም። ስንቱ የቢሮ ኃላፊ ሹመቱን የሰማው ከአበባ ነጋዴ ነው!

ወዲያው ጎርፍ ሆነ። «አበባው ተናገረ!» አለ አንዱ ድረ ገጽ። «ድል ወደ ሃጂ ሙፊድ በረረች!» አለ ሌላው። ምባክ ኒንግሩምም ርዕሷን ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀራት ቁልፉን መጫን ነው። ጣቷ እላዩ ላይ ቆሟል።

«ፓክ፣ ልጫነው?»

ፓክ ራሲቶ ፎቶውን በወረቀት ሊያትሙት ሄደው ነበር። ይዘውት ተመለሱ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ይህን ያደርጋሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«አበባ ድምፅ ይሰጣል እንዴ?»

«ፓክ! እባክዎ!»

«አንድ ሰሌዳ ለመሥራት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ቆጠራው የተጀመረው አሁን ነው። አበባው ማን እንዳሸነፈ ከማን ሰማ?»

ምባክ ኒንግሩም ዓይኗ እንባ ሞላ። «የሚሉት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ዛሬ ብንዘገይ… መልእክቱን አንብቤልዎታለሁ እኮ።»

«አንብበሽልኛል፣ ልጄ።» የዝናብ ልብሳቸውን ከምስማሩ አወረዱ። «ቁልፉ ያንቺ ነው፤ አለቃዋ አንቺ ነሽ። ከተጫንሽው አልቀየምሽም። እኔ ግን አበባ ቤት ደርሼ እመጣለሁ።»

እኔ ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ «ቆይ፣ እኔም እመጣለሁ!» ብዬ ሞተሩ ኋላ ጉብ አልኩ። አንድ የዝናብ ልብስ ለሁለት ለበስን። መንገድ ላይ የሃጂ ሙፊድ ደጋፊዎች ሞተራቸውን እያስጓሩ፣ ባንዲራ እያውለበለቡ ያልፋሉ። ገበያው ማዶ ደግሞ የኢንጂነሩ ሰዎች ሱቅ በረንዳ ሥር ተኮልኩለው ስልካቸውን አፍጥጠው ያያሉ፤ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። አንዱ ድረ ገጽ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው «ተሰረቅን!» ይላል። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይርገበገባል፤ ምባክ ኒንግሩም ናት። «ደረሳችሁ? ደረሳችሁ? ባለቤቱ እየደወለ ነው።»

አበባ ቤቱ ድልድዩ ሥር ነው፤ የቡ ዳርዋቲ፣ የወይዘሮ ዳርዋቲ ማለት ነው። ገብተን ያየሁትን እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴን እይዛለሁ። ሸራ ሥር፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ የአበባ ሰሌዳዎች ቆመዋል። ሁሉም ላይ «እንኳን ደስ አለዎ» አለ። ሁሉም ላይ የላኪው ስም አለ፦ የመንገዶች ቢሮ ኃላፊ፣ የውኃ ቢሮ ኃላፊ፣ የርዕሰ መምህራን ማኅበር፣ ሥራ ተቋራጩ እገሌ። መሐል ላይ ደስ ሊለው የሚገባው ሰው ስም ግን የለም። ባዶ። ቡ ዳርዋቲ ከነጭ ፎም የተቆረጡ ፊደላት የሞሉ ሁለት ቅርጫቶች ይዛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አሉ ፓክ ራሲቶ።

«የአሸናፊው።»

«አሸናፊው ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ፓክ! ሲደውሉልኝ እሰካዋለሁ። ይሄኛው ቅርጫት ሙፊድ፣ ያኛው ሱታርጆ። ሱታርጆ ፊደሉ ይበዛል፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ ሙፊድ ቢያሸንፍ እመርጣለሁ።»

«ሃጂ ሙፊድ ደጃፍ የቆሙት አራቱስ?»

ቡ ዳርዋቲ ሳቀች። «እነሱማ ዝናብ ተጠልለው ነው! ሸራዬ አልበቃ አለኝ። አበባው ከረጠበ ነገ ማን ይቀበለኛል? የሃጂ ድንኳን ቅርብ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ዘበኛውም የአክስቴ ልጅ ነው። ሲያባራ እወስዳቸዋለሁ። ምነው፣ ሃጂ ተቆጡ እንዴ?»

እኔ ሳቄ ፈነዳ፤ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ይዞ ይሮጥ ነበር። ሊቀ አጣሪው ግን ስልካቸውን አወጡ። የመንገዶች ቢሮ ኃላፊው ጋ ደወሉ።

«ለአሸናፊው አበባ አዝዘዋል ይባላል። የትኛው አሸናፊ?»

የሰውየው ትንፋሽ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። «ፓክ ራሲቶ… አበባው… አበባው ለዲሞክራሲ ነው።»

«ለዲሞክራሲ። እንደዚሁ ልጻፈው?»

«አይጻፉት!»

ጻፉት። ከዚያ ሃጂ ሙፊድ ጋ ደወሉ፤ ድምፁን ለኔም እንዲሰማ ከፈቱት። ኋላ እንደሰማነው፣ ሃጂ ለምስጋና ስግደት ምንጣፉ ተነጥፎላቸው፣ ካሜራዎቹ ተደርድረው፣ ሊንበረከኩ ነበር።

«ሃጂ፣ ራሲቶ ነኝ። አሸንፌያለሁ ያሉት በምን ተነስተው ነው?»

«ድረ ገጾቹ ሁሉ እያሉ ነዋ! አበባውም መጥቷል!»

«አበባው ዝናብ ሊጠለል ነው የመጣው።»

ከበስተኋላ ሰው ይዘምራል።

«ምን አልከኝ?»

«ላስቲኩን ያንሱና ይዩት። ስምዎ የለበትም።»

ስልኩ ሳይዘጋ ኮቴ ሰማን፣ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማን፣ ከዚያ አንድ «አስታግፊሩላህ» ሰማን። ሃጂ ተመልሰው መጡ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ የጎረቤት ድምፅ ሆኗል። «ራሲቶ፣ በል እውነቱን ንገረኝ፤ አሸንፌያለሁ ወይስ አላሸነፍኩም?»

«አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። ልጆችዎን ከመንገድ ይሰብስቡና ቁጥሩን እንጠብቅ።»

ሰውየው፣ የአላህ ያለህ፣ ሰበሰቧቸው። «ዝናብ ነው፣ ነገ እንጨፍራለን» ብለው አስገቧቸው። ስንመለስ ገበያው ማዶ የነበሩት የኢንጂነሩ ሰዎችም ሻይ ይዘው ዝናቡን ያያሉ።

ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ከሞተሩ ዘልዬ ወረድኩ። ተጭናው ይሆን? ምባክ ኒንግሩም እጆቿን ታፋዎቿ ሥር አድርጋ፣ ተቀምጣባቸው አገኘኋት። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል፤ ባለቤቱ ነው።

«እንዳልጫነው ብዬ ነው» አለችኝ። «ንገሩኝ ቶሎ፣ እግሬም እጄም ደንዝዟል!»

ከዚያ በርዕሱ ተጣሉ። ፓክ ራሲቶ የሰጧት ርዕስ «በአንድ ቁጥር ተፎካካሪ ደጃፍ የታዩት አራት የአበባ ሰሌዳዎች ዝናብ ለመጠለል የገቡ መሆናቸውን የአበባ ቤቱ ባለቤት አረጋገጡ» የሚል ነበር።

«ፓክ፣ ይሄ ርዕስ ሳይሆን ባቡር ነው! የሰው ስልክ ላይ አይገባም!»

«ስልኩን አግድም ይያዙት።»

በመጨረሻ «አበባው ዝናብ ሊጠለል ነው የገባው» ተባለ፤ የእሷ ነው ርዕሱ። ከሥሩ የስም ቦታቸው ባዶ የሆነው ሰሌዳዎች ፎቶ ገባ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ይህን ሳልጠቅስ ብቀር ይቆጨኛል። ከሁሉ ድረ ገጽ የመጨረሻዎቹ ነን። በጣም፣ በማያወላዳ ሁኔታ የመጨረሻዎቹ።

ሻይ ሳይፈላ ድረ ገጹ በአንባቢ ብዛት ተንገዳገደ። «አበባው ተናገረ» ያሉት አንድ በአንድ ጽሑፋቸውን አነሱ፤ አንዱማ አንስቶ ሲያበቃ የኛን ገልብጦ የራሱ አደረገው። ከተማው ሁሉ የመንገዶች ቢሮ ኃላፊውን «ዲሞክራሲ እንዴት አደረች?» እያለ ይጠይቃቸዋል። በሳምንቱ ቁጥሩ ሲያበቃ ያሸነፉት ኢንጂነር ሱታርጆ ሆኑ፤ ልዩነቱ አንድ መንደር አይሞላም። ሃጂ ሙፊድ ራሳቸው ሄደው እንኳን ደስ አለዎ አሏቸው። በካሜራ ፊት ያልሰገዱት ስግደት ያን ዕለት ጠቀማቸው፤ የሚያሳፍራቸው ነገር አልነበረም።

ባለቤቱስ? በዚያው በምርጫው ምሽት፣ ዝናቡ አባርቶ፣ አዳራሹ ውስጥ ባድሜንተን የሚጫወቱት ልጆች ድምፅ መሰማት ሲጀምር ደወለ። ምባክ ኒንግሩም ቆማ አነሳችው። «እሺ» አለች። «እሺ፣ ፓክ።» ከዚያ ዘጋችና ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። ፓክ ራሲቶ ቀዝቃዛ ሻያቸውን ይዘው ያዩዋታል።

«ምን አሉ?»

«ይቆዩ አሉ። ‹ራሲቶ የትም አይሄድም፤ ሁለት ራሲቶ ካለሽ ሁለቱንም አቆዪ› አሉ።»

እዚህ ላይ ተነፈስኩ። ምባክ ኒንግሩም ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ መንዶአን ትጎርሳለች፣ ሦስቱንም ባንዴ። እኔም ተከተልኳት። የሐዘን እንባ አልነበረም፤ ጠባብ ጫማ ያወለቀ ሰው ደስታ ነው።

አሁን እስካሁን ለሰው ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ከምርጫው ሁለት ወር በፊት ምባክ ኒንግሩም በጓሮ በር መጥታ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ፣ በሰም እየተነደፈ ከሚቀለመው ከባቲክ ጨርቅ አንድ ሸሚዝ አዝዛኝ ነበር። ባለቤቱ በመዘግየታቸው ያኔም ያማርር ነበርና፣ ለፓክ ራሲቶ ስንብት፣ ምናልባት ካስፈለገ። ልካቸውን ሳያውቁብኝ በዓይኔ ወሰድኩ። በቀጠሮ የምትታማ ሴት አይደለሁም፤ ሙሽራ በሰርጓ ዋዜማ አስጠብቄ አላውቅም። ያን ሸሚዝ ግን አንድ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ሁለት እነቅላለሁ። አንገትጌውን ሠርቼ አፈረስኩት፣ ደግሜ አፈረስኩት። ኒንግሩም አንድም ቀን «አላለቀም?» ብላ አልጠየቀችኝም።

ባለቤቱ በደወለ ማግስት ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ጨረስኩት። ቡናማና ሰማያዊ ነው፤ ያምራል፣ የራሴ ሥራ ቢሆንም። ተኩሼ፣ አጣጥፌ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ጨርቁን ገልጠው፣ ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ማነው ያዘዘው?»

«ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ ምንጭ።»

«ለምን ተብሎ?»

ኒንግሩም ከወዲያ ጥግ አንገቷን ኮምፒውተሯ ውስጥ ቀበረች። እኔም ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

ፓክ ራሲቶ ወደሷ አዩ፣ ወደኔ አዩ። ከዚያ ሌላ ሳይጠይቁ ተነስተው እጃቸውን እጅጌው ውስጥ ከተቱ።

ልክ ሆነላቸው።